የሴት ሰውነት የሚያውቀው ነገር፦ ምጥ፣ ለቅሶ፣ ጸሎትና አመራር በጎጃም

የጮቄ ልጅ (ይህን የውይይት ክር የከፈተች)፦

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባህር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ "የሴቶች አመራር" የሚባል ስልጠና አሁን በሽ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን አብዛኛው የሚያስተምረን አንድ ዓይነት ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ስሜትሽን ዋጥ አድርጊ። በቅርቡ አንዲት አሰልጣኝ በሌላ መንገድ መጣች። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን አዳምጡ፣ ሰውነታችሁ የሚያውቀውን እመኑት አለችን። የሴት መንፈሳዊነትም አመራርም ከሰውነቷ ይጀምራል ባይ ናት፤ "የሴትነት መለኮታዊ ኃይል" ትለዋለች። ይሄኛው ልቤን ነካው። ያሳዘነኝ ምሳሌዎቿ ሁሉ ከሩቅ አገር መሆናቸው ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጥነው እኮ የአዋላጅ ልጆች፣ የአልቃሽ የልጅ ልጆች፣ የእማሆዮች እህቶች ነን።

እኔ ጎጃም ውስጥ ሴት ስትመራ ያየሁት ምጥ ላይ ነው፣ ለቅሶ ላይ ነው፣ ገዳም ውስጥ ነው። ሹመት የሰጣት የለም። ወልዳ ታውቃለች፣ ቀብራ ታውቃለች፣ ጾማና ሰግዳ ታውቃለች። ሰዉ የሚታዘዛት ለዚህ ነው።

የልምድ አዋላጇን አስቡ። እጇን ሆድ ላይ ጣል ስታደርግ ልጁ በየት በኩል እንደዞረ ትለያለች። ቤቱ በሰው ይሞላል። ማን ይቆይ፣ ማን ይውጣ፣ ማን ወገብ ይደግፍ፣ እሷ በአንድ ቃል ትወስናለች። አማት እንኳ ትሰማታለች። "ማርያም ማርያም" የሚለው ጸሎት ምጥ ከያዛት ሴት ትንፋሽ ጋር አብሮ ይወጣል። ሰው በሙሉ አካሉ ሲጸልይ ያየሁት እዚያ ነው።

ከዚያ ልጁ ይወለዳል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል፣ ገንፎው ይገነፋል። በሳምንቱ የድንበር ክርክር ቢነሳ፣ የመስኖ ውሃ ተራ ቢያጣላ፣ ያቺ አዋላጅ ጓዳ ናት። ሌሊቱን ሙሉ የሁለት ነፍስ አደራ የተቀበለች ሰው ስለ ቦይ ውሃ የምትለው አይኖራትም?

ጥያቄዬ እሱ ነው። በጭንቅ ቀን የምናምነውን እውቀት በሰላሙ ቀን ለምን እንተወዋለን? ያያችሁትን ጻፉልኝ።

ሞጣ ያደገች፦

አንቺ ልጅ፣ ስለ አልቃሽ ጀምረሽ ተውሽው። እኔ ልቀጥልልሽ።

የእናቴ አክስት አልቃሽ ነበረች። ለቅሶ ሲሆን ሰው ይልኩባታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሃል ትቆማለች። ሟቹን በአባቱ፣ በእናቱ፣ በሥራው ታነሳዋለች። ደረት የሚመታው እሷ በምትሰጠው ዜማ ነው። ሰው ግጥሟን ነው የሚያደንቀው፤ እኔ የማደንቀው ዓይኗን ነው። ድርቅ ብላ የቆመች፣ እንባ ያጣች ሐዘንተኛ ካለች መጀመሪያ የምታያት እሷ ናት። አጠገቧ ትሄድና ሟች ይወደው የነበረውን አንድ ነገር፣ በቅሎውን ወይም የእጁን ጅራፍ፣ በዜማ ታነሳለች። ያቺ ሴት ትፈነዳለች። ከዚያ ትድናለች። ሌላዋ ደግሞ ራሷን ልትስት ከሆነ ዜማው ዝግ ይላል፣ ሁለት ሴቶች በዓይን ጥቅሻ ይላካሉ፣ ትያዛለች። ያን ሁሉ ሰው ሐዘን በትንፋሽና በእጅ ምልክት ትመራለች። ዛሬ ከተማ ውስጥ በገንዘብ የሚፈለግ የሐዘን ምክር አለ፤ እሷ ይህን በነጻ ትሰጥ ነበር።

ያው ካህናቱ ለቅሶ እንዳይበዛ ይመክራሉ። ደረት መድቃቱ፣ ፊት መንጨቱ ቢቀር እኔም ደስ ይለኛል። ግን አልቃሿን ስናስቀር ያን የማየት ችሎታዋን ለማን አስረከብን?

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ሌሊት በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ታንጎራጉር ነበር። ቀን ለማንም የማትናገረውን ለወፍጮው ትናገራለች። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ "ወገቤ ዳነ" አለች፣ እንጉርጉሮውም ቀረ። ስለ እንጉርጉሮው አልቅሼ አላውቅም። ወገቧ ይበልጥብኛል። ስለ ሴት ሰውነት ጥበብ ስንጽፍ ሰውነቱ ምን ያህል እንደተጎዳ አንርሳ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ክሩን ሳየው ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የተስማማሁበትን ልበል። ምጥ ፍርሃት አይወድም። እናቲቱ ስትፈራ አድሬናሊን ይጨምራል፣ ማህፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ይቀንሳል፣ ምጡ ይዘገያል። የምታምናት ሴት አጠገቧ ስትቆም፣ እጇን ስትይዛት፣ ወገቧን ስታሽላት ነገሩ ሌላ ነው። እናቶቻችን ተንበርክከው ወይም ቁጢጥ ብለው፣ ከኋላ ተደግፈው ይወልዱ የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥ ያለ አቋም ልጁ ወደ ታች እንዲወርድ ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እናት የምትመርጠው አጋዥ አብሯት እንዲሆን፣ በምጥ ጊዜ እንድትንቀሳቀስ፣ የምትወልድበትን አቀማመጥ ራሷ እንድትመርጥ ይመክራል። እኛ ግን ለብዙ ጊዜ ሴቲቱን በጀርባዋ አስተኝተን፣ እናቷን ደጅ አስወጥተን ነበር የምናዋልደው። ብዙ ሴት ጤና ጣቢያ የጠላችው መድኃኒቱን ጠልታ አይደለም፤ ብቻዋን መሆኑን ፈርታ ነው።

አሁን ደግሞ የምፈራው። እጅ ሁሉን አያውቅም። የልጁ ራስ ከዳሌዋ ጋር ካልተመጣጠነ የትኛዋም ጥሩ አዋላጅ በማሸት አታወጣውም። ደም ሲፈስ፣ ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ፣ ዓይን ሲጨልም፣ ሰውነት ሲንቀጠቀጥ፣ ምጥ ከጀመረ 12 ሰዓት ሲያልፈው ጸሎቱ መንገድ ላይ ይሁን። ምጡ ተይዞ ቀናት ሲቆጠር የልጁ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ጨቁኖ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል። ያ ቦታ ይበሰብስና ይቀደዳል። ፊስቱላ የምንለው ይህ ነው። ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፣ ልጇ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፣ ባል ይሄዳል፣ ጎረቤት ይርቃል። ባህር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ለእነዚህ ሴቶች ነው።

ስለ አመራር ካነሳችሁ ማሚቱ ጋሼን አንሱ። ራሷ በፊስቱላ ታማ ሐምሊኖች ዘንድ፣ ፊስቱላ ያክሙ ወደነበሩት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ የመጣች የገጠር ልጅ ናት። ፊደል ሳትቆጥር ቀዶ ሕክምናውን እያየች፣ እየረዳች ተማረች። በመጨረሻ እሷው የምታክም፣ ሌሎች ሐኪሞችን የምታሰለጥን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። የምታክማትን በሽተኛ ሕመም ከሐኪሞቹ ሁሉ በላይ ታውቀዋለች፤ በራሷ ላይ ደርሶባታል።

የጮቄ ልጅ፦

እህቴ፣ "ጸሎቱ መንገድ ላይ ይሁን" ያልሽውን ለሴት ወገኖቼ ሁሉ አነብላቸዋለሁ። እግዜር ይስጥሽ።

ዘዋሸራ፦

የአብነት ተማሪ ነበርኩ፣ አሁን በዲቁና አገለግላለሁ። በአክብሮት ጥቂት ልበል።

"የሴትነት መለኮታዊ ኃይል" የሚለው ከውጭ የመጣ አነጋገር ለእኛ እምነት አይመቸኝም። እኛ ሰውነትን አናመልክም። ነገር ግን ሰውነት ከጸሎት ውጭ ነው የሚል ካለም አገሩን አያውቅም። ጾማችን በሆድ ነው፣ ስግደታችን በጉልበትና በግንባር ነው፣ ቅዳሴው ላይ የምንቆመው በእግራችን ነው። በሰሙነ ሕማማት እናቶች ሲሰግዱ ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

ጣና ላይ ሁለት ቅዱሳት አሉን። አንደኛዋ ክርስቶስ ሠምራ ናት። የቡልጋ ሰው፣ ባለትዳር፣ የልጆች እናት። ገድሏ እንደሚለው ተቆጥታ በአገልጋይዋ አፍ ትንታግ ከተተችባት፣ ልጅቷ ሞተች። በጸሎቷ ስትነሳላት ቤቷን ትታ መነነች። ከደብረ ሊባኖስ ወደ ጣና መጥታ ጓንጉት ላይ ውሃ ውስጥ ቆማ ለ12 ዓመት ጸለየች ይላል። የለመነችው ደግሞ የሚያስደነግጥ ነው። ሰው እንዳይጠፋ ዲያብሎስ ራሱ ከፈጣሪው ጋር እንዲታረቅ ለመነች። እኔ ይህን ስሰማ አስታራቂ እናት ትታየኛለች። በዚያች በክፉ እጇ ምን እንደሠራች ታውቃለች፤ ስለዚህ ማንንም ከምሕረት ውጭ ማድረግ አልሆነላትም።

ሁለተኛዋ ወለተ ጴጥሮስ ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ቀብራለች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ሲዞር እሷ ባሏን ትታ ወጣች። ተከሰሰች፣ ወደ ዠበይ ቆላ ተጋዘች፣ እምቢ አለች። የተከተሏት ወንድም ሴትም ነበሩ፤ ሰባት ማኅበር መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ1632 ተዋሕዶ ስትመለስ እሷ በሕይወት ነበረች። ከእሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ናት። ከጎጃም በኩል ቆማችሁ ስታዩ የጣና ዳሩ ቆራጣ ማዶ ነው፤ እዚያ ያለው ደብር ዛሬም በስሟ ይጠራል።

የቅኔውንም አንርሳ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ሥውር ነበሩ። ከአባታቸው ቅኔ ተምረው ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን አስተማሩ። ብራና ሳያዩ በጆሮና በልብ የያዙትን ነው የሰጡት። ያስተማሯቸው ሰዎች ኋላ ራሳቸው መምህራን ሆኑ።

ከደጀን በታች፦

ዲያቆን፣ በሚገባ ጽፈሃል። እኔ ግን አልተረጋጋሁም።

"ሴት በሰውነቷ ታውቃለች" ስትሉ ጆሮዬ ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። ወንዱ በአእምሮው ያስብ፣ ሴቷ በሆዷ ታስብ። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው የቆየ ተረት በሌላ ልብስ እንዳይመለስ። ደግሞም ያልወለደችስ? እቴጌ እሌኒን እዩ። የሐድያ ልጅ ናት፣ ልጅ አልነበራትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሆኖ ሲነግሥ አገሩን በሞግዚትነት የመራችው እሷ ናት። ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላከችው እሷ ናት። እዚሁ ጎጃም መርጡለ ማርያምን ያሳነጸች እሷ ናት። ይህን ያደረገችው በማህፀኗ ሳይሆን በብልሃቷ ነው።

ሌላ ደግሞ። ይህ ሰውነት ቅዱስ ነው የምትሉት፣ በወር አበባው ጊዜ ቤተ መቅደስ አይገባም። የጣና ደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤልም ጨርሶ አይገባም። ዲያቆን ይህን እንዴት ታየዋለህ?

እኔ የሚታየኝን ልንገራችሁ። ጎጃም ውስጥ የሴትን ድምፅ የቀየረው አንድ ደብተር ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አብሮ ወጣበት። ከዚያ በኋላ ባል ብቻውን ማከራየት ከበደው። ፍቺ ላይ "ውጪ" ማለት ከበደው። ስለ ትንፋሽ ከማውራት በፊት ስለ ደብተር ማውራት ይቅደም ባይ ነኝ።

ዘዋሸራ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። የወር አበባ ኃጢአት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲያ ብላ አታስተምርም። ደም የሚፈሰው ወንድም፣ ሕልመ ሌሊት ያገኘውም እንደዚሁ ደጅ ቆሞ ነው የሚጸልየው። ደጀ ሰላም ላይ የቆመችዋ ጸሎቷ አያንስም። ክብራን የወንዶች ገዳም ነው፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ደግሞ የእማሆዮች ነው። ሴት ልጅ "ቆሻሻ ነሽ" እየተባለች ካደገች ግን ያን የተናገረው ሰው ስህተት ነው፣ መታረምም አለበት። ይህን ከነፍስ አባቶች ጀምሮ ልንናገረው ይገባል። በጾሙም እንዲሁ። ነፍሰ ጡሯና አራሷ ከነፍስ አባቷ ጋር ትመካከር፤ ጡት የምታጠባ እናት ራሷን እያደከመች እንድትጾም አትጠየቅም።

የጮቄ ልጅ፦

ከደጀን በታች፣ በደብተሩ ነገር እጅ ለእጅ እንያያዝ። አንዱ ሌላውን የሚሽር አይመስለኝም። ፎቶዋ ደብተር ላይ ያለ ሴት ስብሰባ ገብታ "ይህን ማሳ አናከራይም" የምትለው ከየት ባመጣችው እውቀት ነው? አርማው፣ አጭዳው፣ አጎንብሳ ለቅማው አይደለም? አፈሩን በእጇ ታውቀዋለች። የምጠይቀው ያ እውቀት እንደ እውቀት ይቆጠር ነው። እሌኒንም ተቀብያለሁ፤ መውለድ መስፈርት አይሁን።

እማማ ዘቡሬ፦

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እያነበበችልኝ ሰነበተች።

እኔ የተዳርኩት ገና ጡቴ ሳያጎጠጉጥ ነው። ሰውነት ያውቃል የምትሉት እውነት ነው። የኔም ያውቅ ነበር። ማታ ሲመሽ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል። እህል አይወርድልኝም። ቡዳ በላት አሉ፣ ጠበል ወሰዱኝ። ልጅ ናት፣ ትፈራለች፣ ያለ ግን አልነበረም። ሰውነቴ ተናግሮ ነበር፤ የሚሰማው ነው የታጣ።

የመጀመሪያው ልጄ አልቀረልኝም። ስለሱ አላወራም።

ዓመታት አልፈው የልጅ ልጄን፣ ይህችን የምትጽፈውን፣ ለጋብቻ ሊጠይቋት ሽማግሌ መጣ። ስምንተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ሊሰጥ አሰበ፤ ዘመዶቹ ደጋግ ናቸው አለ። እኔ ተነስቼ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። በሕይወቴ ወንዶች ፊት እንደዚያ ቆሜ አላውቅም። "ይህች ልጅ አትሄድም" አልኩ። "ለምን እማማ?" ቢሉኝ "እኔ ሄጄ አውቀዋለሁ" አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም። ሽማግሌዎቹም አልመለሱልኝም፤ ጠላውን ጠጥተው ሄዱ። ዛሬ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ናት።

እናንተ አመራር የምትሉት ይህ ከሆነ እኔም አንድ ቀን መርቻለሁ።

ሞጣ ያደገች፦

እማማ፣ እድሜ ይስጥልን። ቢሮ ተቀምጬ እያለቀስኩ ነው።

ከደጀን በታች፦

እማማ፣ እኔ ከጻፍኩት ሁሉ እርስዎ የተናገሩት ይበልጣል። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። እርስዎ ግን ሕጉን ሳይጠቅሱ ቤቱን አስቆሙት። በየቀበሌው የሕግ ባለሙያ ሳይሆን እርስዎን የመሰሉ እናቶች ሲናገሩ ነው አባቶች የሚሰሙት፣ ይህን አይቻለሁ። ሰውነት የሚያውቀው ነገር "እምቢ" ለማለት ካበቃ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ።

የፍኖተ ሰላም እድር አባል፦

እኔ ወንድ ነኝ፣ ልግባ። የኛ እድር ዳኞች ሁሌ ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ይሠራሉ፣ ውሳኔው ደጅ ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት አራስ ምን ይደረግ ተብሎ ስንከራከር ዋልን። ጓዳ ያሉት ሴቶች ሰሙና አንዷ ወጥታ "እሷ አሁን የምትፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ አርባ ቀን ሙሉ በተራ የሚያድርላት ሴት ነው" አለች። እኛ ማንም ያንን አላሰብንም። ተራው ወጣ፣ ሴቶቹ አደሩላት። በቀጣዩ ምርጫ ሁለት ሴቶች ዳኛ ሆኑ። ስብሰባውንም ከማለዳ ወደ ከሰዓት ቀየርነው፤ ጠዋት ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው። ሰዓቱን ሳትቀይሩ "ሴቶች አይመጡም" የምትሉ እድሮች መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ።

የግንቦት ልደታንም አስቡት። በየሰፈሩ ንፍሮ የሚቀቀለው፣ ቡናው የሚፈላው፣ ሰው ሁሉ ደጅ የሚወጣው በሴቶቹ ትእዛዝ ነው። መዋጮ የሚሰበስቡት፣ ለደካማ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ያንን የሚያቀነባብር ሰው የእድር ሒሳብ ያቅተዋል ማለት ያስቸግራል።

የጎጃም ልጅ ከአዲስ አበባ፦

ለነርሷ ጥያቄ አለኝ። እህቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ናት። ቤቷ ከመንገድ ይርቃል። እናታችን አብራት ማዋለጃ ክፍል መግባት ትፈልጋለች። "አይፈቀድም" ብለው ያስፈራሯት ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦

ይፈቀዳል። እህትሽ የመረጠቻት አንዲት ሴት አብራት መሆን ትችላለች። አስቀድማችሁ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትሄዱ ንገሯቸው፣ ካርዷ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። እናትሽ ንጹሕ ልብስ ይዛ ትምጣ። ቤቷ ሩቅ ከሆነ ቀኗ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ትግባ፤ ብዙ ጤና ጣቢያ አለው፣ ገንፎም ቡናም እዚያው ይሠራል። ክፍሉ ውስጥ እናትሽ ወገቧን ትያዝላት፣ ታነጋግራት፣ ጸሎቷንም ትጸልይ፤ ማንም አይከለክላትም። "ግፊ" የሚለውን ግን አዋላጇ እስክትናገር ትቆይ። አንቺ ደግሞ ከአሁኑ የሚወስዳት መኪና ስልክ ቁጥር ይዘሽ ስጫት፤ ምጡ ሌሊት ሊመጣ ይችላል።